የተውሶ ጥምጥም

ባለፈው እሑድ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ቤቴ ድረስ መጥተው ወሰዱኝ። «አባባ አዳነ፣ የስብከት ሥልጠና ጀምረናል፤ እርስዎ ዕድሜዎን በሙሉ ሲሰብኩ የኖሩ ነዎትና ተሞክሮዎን ያካፍሉን» አሉኝ። ተሞክሮ ማካፈል የሚባለውን ነገር እወደዋለሁ፤ ሻይና ዳቦ አለው። በግራና በቀኝ ደግፈው ሐይቁ ዳር ወዳለው አዳራሽ አገቡኝ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ ነው። ሰሌዳው ላይ «የመድረክ ፍርሃትን ማስወገድ» ብሎ ጽፎ አንዲት ቀጭን ልጅ ማይክሮፎን አስይዞ አስነሥቷታል። ልጅቱ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ጨምቃ ትንቀጠቀጣለች፤ ጓደኞቿም «አይዞሽ! አይዞሽ!» እያሉ ያጨበጭቡላታል። በዚህ መሐል በመስኮቱ ነፋስ ገባ። ከውሃው ዳር ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች የታጨደ ደንገል አስጥተው ኖሯል። የእርጥብ ደንገሉ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ለካስ ከልጅቱ ይበልጥ የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ። አንዱ ልጅ ሮጦ ውሃ አመጣልኝና «አባባ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» አለኝ። ስኳር እንኳ የለብኝም፤ ግን እሺ ብዬ ውሃውን ጠጣሁና ተሞክሮዬን ማውጋት ጀመርሁ።

የደንገል ሽታ ሌላውን ሰው ዋናና ዓሣ ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ ጣሊያን የነበረበትን ዘመን ነው። ባሕር ዳር ያኔ ከተማ ልትባል አትችልም። ዛሬ ዘንባባው የተሰለፈበት መንገድ ከብት ውሃ የሚወርድበት ጭቃ ነበር፤ ባንኩ የቆመበት ማዕዘን ላይ ደግሞ አንዲት ጠጅ ቤት ነበረች፣ በሯ ዝቅ ከማለቱ የተነሣ ደንበኛው ሁሉ ሲገባ ሳይወድ ይሰግዳል። በአንድ አሞሌ ጨው ለጾም መፍቻ የሚሆን ዶሮ ይገዛ ነበር። ሰው የሚያምነው ማርትሬዛውን ብር ነው፤ የጣሊያኑን ወረቀት ገበሬው አገላብጦ ያየውና «ይኸ ደግሞ ዝናብ ሲነካው ምን ይሆናል?» ብሎ ይመልሰዋል። ሴቱም ወንዱም እጅ የፈተለውን ይለብሳል፤ አቡጀዲ የለበሰ ጎረምሳ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሙሽራ ይመስላል። ጣሊያኖቹ ውሃው ዳር ምሽግ ሠርተው፣ ዙሪያውን እሾህ ሽቦ አጥረው፣ ካሚዮናቸውን አቁመዋል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከምሽጉ የሸክላ ዘፈን ይሰማል፤ አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ ታንጎራጉራለች። ድምፅዋ ልብ ይነካል፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ቤት መውጣቱ ያሳፍረን ስለነበር ማንም ስለ ዘፈኑ አያወራም። ቀን ቀን የሚሰማው ግን የሞተር ጀልባቸው ነው። ያ ድምፅ ገና ከሩቅ ሲሰማ ከመንገድ ወጥቼ እደበቅ ነበር።

እኔ ያኔ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ዲያቆን ነበርሁ። ከዱርቤቴ በኩል መጥቼ፣ ትርጓሜ ልማር ብዬ የኔታ ጥበቡ እግር ሥር ተቀመጥሁ። የኔታ የደብራችን ቄስ፣ የመጻሕፍት መምህርና ሰባኪ ነበሩ። ሲያዩዋቸው አጭር ናቸው፤ ሲናገሩ ይረዝማሉ። ትምህርቱ አላስቸገረኝም። በቅዳሴም የዲያቆኑን ድርሻ ሳዜም ድምፄ ኩልል ብሎ ይወጣል፤ ቃሉ የራሴ አይደለማ፣ አባቶች የሠሩት ነው። በራሴ ቃል ሰው ፊት ተናገር ስባል ግን አፌ ይያዛል። አንድ የማርያም ዕለት የኔታ «ዛሬ ወንጌሉን አንተ ተርጉምላቸው» ብለው አስነሡኝ። ተነሣሁ። ሕዝቡን አየሁት፤ ሕዝቡም አየኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጣራውን ብቻ ነው፤ ወድቄ ኖሯል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ዲያቆን ጭጭ» ሆነ። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ሳይቀሩ ከሩቅ ሲያዩኝ «ጭጭ መጣ» ብለው ይሳሳቃሉ።

የኔታ አልሳቁብኝም። በማግስቱ መቋሚያቸውን ይዘው ሐይቁ ዳር ይዘውኝ ወረዱ። እዚያ አያ ሰይድ የሚባሉ ታንኳ ሠሪ ነበሩ፤ እስላም ናቸው፣ አባታቸውም አያታቸውም ደንገል ሲያስሩ የኖሩ። የኔታ ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ሲሻገሩ ከእሳቸው ታንኳ በቀር አይሳፈሩም። ዘዴው እንዲህ ነው። እኔ ከደንገሉ ጫፍ ቆሜ እናገራለሁ፤ አያ ሰይድ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ሐይቁ ይቀዝፋሉ። ቃሌ እስከተሰማቸው ድረስ ይሄዳሉ፤ መስማት ሲያቅታቸው መቅዘፊያቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። ያኔ የኔታ ቁርጭምጭሚቴን በመቋሚያ መታ አድርገው «እዚያ ድረስ ነህ» ይሉኛል። የመጀመሪያ ቀን አያ ሰይድ ገና ከዳር ሳይላቀቁ መቅዘፊያውን አነሡ።

ዛሬ አሠልጣኙ በወረቀት አባዝቶ የሚያድለውን የኔታ በአፋቸው ነበር የሚነግሩኝ። ዝግ ብለህ ጀምር፣ ሰው ጆሮውን እስኪያቀና ጠብቀው። ሕዝብ ለሚባል ነገር አትናገር፤ አንድ ሽማግሌ ምረጥና ለእሱ አጫውተው። ቃል አትዋጥ። ሲያልቅብህ ተቀመጥ፣ ያለቀ ነገር ላይ ውሃ አትጨምር። ቅልጥ ያለው ትችት ግን የሚመጣው ከአያ ሰይድ ነው። ተመልሰው ታንኳቸውን ከዳር ሲያስጠጉ «አንተ ልጅ፣ ለእኔ ነው ወይስ ለዓሣው የምትናገረው? አገጭህን ቀና አድርግ እንጂ!» ይሉኛል። አንድ ቀን የሎጥን ታሪክ ስናገር ብዙ ርቀው ሄደው ተመለሱና «ከተማው ሲቃጠል ደህና አድርጌ ሰማሁ፤ ሚስቱ ዘወር ስትል ምነው ድምፅህ ዘወር አለብኝ? ምን እንደሆነች ሳልሰማ ቀረሁ» አሉ። የኔታ ከሳቃቸው ብዛት ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ስንሳሳቅ የሞተር ጀልባው ድምፅ ይመጣል። ሦስታችንም ደንገሉ ውስጥ በሆዳችን እንተኛለን፤ ጣሊያን ደንገል ውስጥ ያየውን ሁሉ ሽፍታ ነው ብሎ ይተኩሳልና። ፊቴን ጭቃው ላይ ደፍቼ፣ የደንገሉን ሥር እየሸተትሁ፣ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ጀልባው ሲያልፍ የኔታ ጭቃቸውን አራግፈው «በል፣ ከቆምህበት ቀጥል» ይሉኛል።

በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው አስተርጓሚው የመጣው። ይህ ሰው ከሩቅ አገር ከጣሊያኖቹ ጋር የመጣ፣ አማርኛው ጥርት ያለ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ኮፍያውን ቤት ሲገባ እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው። የምሽጉ አለቃ፣ እኛ ካፒቴኑ የምንለው፣ ያለ እሱ የትም አይሄድም። የኔታ ጎጆ በር ላይ ቆሞ እጅ ነሣና «ካፒቴኑ ሰላም ብለውዎታል። የፊታችን ቅዳሜ፣ ገበያው ሞቅ ሲል፣ ከዋርካው ሥር ቆመው ጠመንጃ የደበቀውን፣ ለሽፍታ ስንቅ የሚያቀብለውን፣ አይቶ ያልተናገረውን ሁሉ እንዲገዝቱ ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ራሱ እየመጣ ይናገራል ብለዋል» አለ።

«እምቢ ያልሁ እንደሆነስ?» አሉ የኔታ።

«የኔታ፣ ይህን አልጠየቁኝም፤ እኔም አልሰማሁም። ካፒቴኑ ሲቆጡ እሳት ይወዳሉ። የደብሩ ክዳን ደግሞ ሣር ነው።»

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይቸግራል። ያን ጊዜ ሰው ጅራፍ ይችላል፣ እስራት ይችላል፤ ግዝት ግን አይችልም። ቄስ በሥላሴ ስም የገዘተው ሰው አይቆርብም፣ የደጀ ሰላሙን ደፍ አይረግጥም፣ ቢሞት አይፈታም። በየቤቱ ደግሞ የተቀበረ ጠመንጃ አለ፤ በየቤቱ ዱር የገባ ወንድም ወይም ልጅ አለ፤ ሴቶች በእበት ቅርጫት ሥር ስንቅ ሸሽገው ያሻግራሉ። የኔታ ቢገዝቱ፣ ምስኪን አማኝ ሁሉ ነፍሱን ፈርቶ ወደ ምሽጉ እየሄደ ወንድሙን ይሰጣል። ባይገዝቱ ደብሩ ይቃጠላል፣ እሳቸውም ይሰቀላሉ። የቀሩት ቄሶች ወሬውን እንደሰሙ ሱባዔ ገብተናል ብለው በየደሴቱ ተበትነዋል። በማግስቱ የኔታ ጉሮሯቸው ተዘጋ። አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለው፣ ሰው ሲመጣ በእጃቸው ብቻ እያመለከቱ ተኙ። ማታ ራት ሳቀርብላቸው፣ ሰው አለመኖሩን አይተው፣ በደህናው ድምፃቸው ጠሩኝ።

«አዳነ።»

«አቤት፣ የኔታ።»

«ቅዳሜ ከዋርካው ሥር የምትናገረው አንተ ነህ።»

ሳህኑን መሬት አስቀመጥሁ። «እኔ እኮ ዲያቆን ነኝ!»

«እኮ። ዲያቆን ያስራል?»

«አያስርም።»

«ይፈታል?»

«አይፈታም። ማሰርና መፍታት የቄስ ሥልጣን ነው።»

«ይህን የማያውቅ የደብራችን ሰው አለ? የለም። እንግዲህ ካፒቴኑ የሚሻውን ቃል ሁሉ፣ አንዲት ሳታጎድል፣ ጮክ ብለህ በላቸው። እሱ ግዝት ሰማሁ ብሎ ይደሰታል፤ ሕዝቡም ከዲያቆን አፍ የወጣ ነው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይሁን።»

«አስተርጓሚውስ? ማተብ አስሯል። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ይመስላል። ቢነግርባቸውስ?»

«እሱን አላውቅም ልጄ» አሉ የኔታ። በማግስቱ አስተርጓሚው ሲመጣ፣ እየተንሾካሾኩ፣ ከእኔ ተምሮ ድምፁ የወጣለት ሰው አለ፣ እሱ ይናገር አሉት። አስተርጓሚው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «ሕዝቡ ያውቀዋል?» ብሎ ጠየቀ። «አሳምሮ ያውቀዋል» አሉ የኔታ፣ ውሸትም አልነበረበት። «ጥምጥም ይጠምጥም እንግዲህ፤ ካፒቴኑ ራሱን ያልጠመጠመ ካህን አይመስላቸውም» ብሎ ሄደ።

እስከ ቅዳሜ እህል አልወረደልኝም። ስሄድ የምሽጉ ወታደሮች ሁሉ አንገቴን የሚያዩት ይመስለኛል። ቅዳሜ ጧት የኔታ በገዛ ጥምጥማቸው ራሴን ጠመጠሙልኝ፣ ካባቸውን ደረቡልኝ። ካባው አጥሮኝ ከጉልበቴ በላይ ቀረ። ገበያው ጢም ብሎ ነበር፤ ከቁንዝላ በታንኳ፣ ከመሸንቲ በእግር፣ ማር የጫነ፣ በርበሬ ያዘለ፣ ዶሮ የጠፈረ ሁሉ መጥቷል። የሰፈሩ ሴቶች ጥምጥሜን ሲያዩ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፤ ጭጭ ቄስ ሆነ ብለው ሊስቁ ነው። ልቤ ትንሽ ረጋ አለ። ወዲያው ግን አንድ የማላውቀው ገበሬ፣ ከመሸንቲ የመጣ መሰለኝ፣ ዱላውን ጥሎ እፊቴ ጎንበስ አለና «ይፍቱኝ አባቴ» አለኝ። የቄስ ሰላምታ ነው። እንዲባርከው ግንባሩን አስጠግቶ፣ የሌለኝን መስቀል ይጠብቃል። የኔታም እኔም ያሰብነው የደብራችንን ሰው ብቻ ነው፤ ገበያ የአገር ሁሉ መሆኑን ረስተነዋል። ይህ ገበሬ አያውቀኝም። ጥምጥም አየ፣ ካባ አየ፣ በቃ ቄስ ነኝ። የምገዝተው ግዝት ለእሱ እውነተኛ ግዝት ነው።

የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዋርካው ግንድ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ «የኔታ፣ የሩቁ ሰው ቄስ ነው ብሎኛል» አልሁ። ዓይናቸው ፈጠጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርተው አየኋቸው፤ እሳቸው ሲፈሩ የእኔ ፍርሃት መያዣ አጣ። የሚሉትን ሳልሰማ አንድ ወታደር ክንዴን ይዞ የቤንዚን ሳጥን ላይ አወጣኝ። ካፒቴኑ ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ መነጽሩን ይጠርጋል፤ አስተርጓሚው ከጆሮው ሥር ቆሟል። ራቅ ብሎ፣ ከውሃው ዳር፣ አያ ሰይድ መቅዘፊያቸውን ተደግፈው ያያሉ። መናገር ጀመርሁ። ዝግ ብዬ ጀመርሁ፣ ሰው ጆሮውን አቀና። እንዳልወድቅ ጸልዬ ነበር፤ አሁን መውደቅ አማረኝ፣ ግን እግሬ ጸና። ድምፄ ወጣ። ዋርካውን አልፎ፣ የእህል ተራውን አልፎ፣ እስከ ውሃው ሄደ፤ አያ ሰይድ መቅዘፊያቸውን አላነሡም። ጠመንጃ የደበቀ፣ ስንቅ ያቀበለ፣ አይቶ ያልተናገረ፣ ከሥጋ ወደሙ የተለየ ይሁን፣ ሞቱም ፍትሐት አይኑረው፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ አልሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ድምፅ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፤ የገዛ ድምፄ አስፈራኝ።

የሰፈሩ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ ደህና ነው። የሩቁ ሰው ፊት ግን አመድ መሰለ። አንዲት ሴት ደረቷን መታች። ያ «ይፍቱኝ» ያለኝ ገበሬ ጋቢውን ከትከሻው ወደ ወገቡ አወረደ፣ ዱላውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ እጁን አነሣና «አባቴ፣ እኔ...» ብሎ ጀመረ። የሚለው ገባኝ። ጠመንጃ አለኝ ሊል ነው፣ ወይም ወንድሜ ከዚህ ተራራ አለ ሊል ነው። ካፒቴኑ ቀና አለ፤ አስተርጓሚው ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። እኔ ዲያቆን ነኝ ልል አልችልም፤ ብል የኔታ ለማታ በሕይወት አይደርሱም። የራሴ ቃል እንደ ልማዱ ከዳኝ። ከአፌ የወጣው በየቅዳሴው ያለ ሐሳብ የምጮኸው፣ የዲያቆን እንጂ የቄስ ያልሆነ ጥሪ ነው። በሙሉ ዜማው «ተንሥኡ ለጸሎት!» አልሁ።

ቅዳሴ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ አፉን መያዝ አይችልም። ገበያው በሙሉ፣ በርበሬ ሻጩም፣ ማር ጫኙም፣ ያ ገበሬም ሳይቀር ተነሥቶ «እግዚኦ ተሣሃለነ!» አለ። ከዚህ በኋላ ተራው የቄሱ ነው፤ ቄሱ «ሰላም ለኵልክሙ» ይላል፣ ሕዝቡ ይመልሳል። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ጠበቀ። የሚል አልነበረም። የሰው ሁሉ ራስ ቄሱን ፍለጋ ወዲህና ወዲያ ዞረ፣ ተመልሶም እኔ ላይ አረፈ። ያ ገበሬ ጥምጥሜን አየ፣ አጭሩን ካባ አየ፣ መስቀል የሌለውን እጄን አየ። ቀስ ብሎ ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና ዱላውን አነሣ። በዚህ መሐል ግን ደሜን ያቀዘቀዘው ሌላ ነው። አስተርጓሚውም እንደ ሕዝቡ ዘወር ብሎ ቄሱን ሲፈልግ አየሁት። ዐወቀ። ካፒቴኑ አንድ ነገር ጠየቀው። አስተርጓሚው እኔን እያየ ሁለት ሦስት ቃል መለሰለት። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ፣ ወንበሩን አሳጠፈና ሄደ። አስተርጓሚው ሊከተለው ሲል እኔ ዘንድ ዘወር አለ፤ «ድምፅህ ያምራል፣ ዲያቆን» አለኝ በለሆሳስ።

እዚያ ቦታ ላይ ለመጸዳዳት እንኳ አልቆየሁም፤ ይቅርታ ይደረግልኝና ያስፈልገኝ ነበር። አያ ሰይድ ታንኳቸው ውስጥ አስተኝተው እርጥብ ደንገል ከመሩብኝና ወደ ቁንዝላ ቀዘፉ። መንገድ ላይ የሞተር ጀልባው አጠገባችን መጥቶ ቆመ። አንድ ሰው በጣሊያንኛ ጮኸ። አያ ሰይድ «ደንገል! ደንገል!» አሉ። ውሃው ጀርባዬን እየረጠበ፣ ደንገሉ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ ላስነጥስ ነው ብዬ ከንፈሬን እስኪደማ ነከስሁ። ጀልባው ሄደ። ጣሊያን እስኪወጣ ቁንዝላ ከአያ ሰይድ ዘመዶች ጋር ደንገል ሳስር ኖርሁ። ሞተር በተሰማ ቁጥር አስተርጓሚው ሊያስይዘኝ መጣ እያልሁ ጫካ እገባለሁ። አልመጣም። ከዚያ ገበያ በኋላም ወደ ምሽጉ ሄዶ የተናገረ ሰው አለመኖሩን ሰማን፤ ደብሩም አልተቃጠለም፣ የኔታም ጉሮሯቸው ዳነ።

እዚህ ላይ ስደርስ የአዳራሹ ልጆች ቆመው አጨበጨቡልኝ። ያች ቀጭን ልጅ መጥታ እጄን ሳመች። አሠልጣኙም ሰሌዳው ላይ «ድፍረት» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ሻይ መጣ፣ ዳቦ መጣ። የቀረውን አልነገርኋቸውም።

የቀረው ይህ ነው። ጠላት ወጥቶ፣ ደብሩ አዲስ ሣር ተከድኖ፣ እኔም ከቁንዝላ ተመልሼ በአንድ ንግሥ ቀን ሰበክሁ። እንደ ድሮው አልወደቅሁም። ሴቶቹ «ጭጭ ጮኸ!» ብለው እልል አሉልኝ። ስብከቱን ጨርሼ ደጀ ሰላሙን ስወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ አንዲት እርጅና የጀማመራት ሴት ቆማለች። ነጠላዋን አጣፍታ ለብሳለች። ስታየኝ መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች።

«አንጓች እባላለሁ፣ የመሸንቲ ሰው ነኝ» አለችኝ። «ድምፅዎን ዐውቄ ነው የመጣሁ። በዚያ የግዝት ቅዳሜ ጨዌን ገዝቼ ወደ ቤቴ እየወጣሁ ነበር። ነፋሱ ድምፅዎን እዳገቱ ድረስ አመጣልኝ። አንዲት አልቀረችኝም፣ ሁሉንም ሰማሁ።»

«ከዚያ በኋላ የተባለውንስ?» አልኋት።

«ምን ተባለ? ጆሮዬን ይዤ ሮጥሁ እንጂ። ልጄ ዱር ነበረ አባቴ። ስንቅ የማደርስለት እኔ ነበርሁ። ያን ሌሊት እያለቀስሁ አሰብሁበት። ልጄን ከምሰጥ ነፍሴ ትጥፋ አልሁ። ተገዝቼም ስንቁን አደረስሁለት። ቁርባን ተውሁ፣ ደጁን አልረገጥሁም። ባሌ ሞቶ ሲቀበር እንኳ ከአጥር ውጭ ሁኜ አለቀስሁለት፤ ነገሩን የማያውቅ ሰው ጠላችው ብሎ አማኝ። አሁን ልጄ በደህና ገባልኝ። የገዘተ አፍ ይፈታል ይባላልና፣ ይፍቱኝ።»

«እትዬ አንጓች፣ ይነሡ» አልሁ። «እኔ ዲያቆን ነኝ። ያኔም ዲያቆን ነበርሁ፤ ጥምጥሙ የተውሶ ነው። አንድም ቀን አልታሰሩም።» እንዲህ ስላት ደስ የሚላት፣ እልል የምትል መስሎኝ ነበር።

አልተነሣችም። አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ የደጀ ሰላሙን በር አየች።

«ባሌ ሲቀበር መግባት እችል ነበር?»

«ይችሉ ነበር።»

እጄን ዘረጋሁላት፤ አልያዘችውም። መሬቱን በመዳፏ ተደግፋ ብቻዋን ተነሣች፣ ጉልበቷ ላይ ያለውን አፈር አራገፈች፣ ከዚያም ልጇን በምትጠይቅበት ድምፅ፣ ሳትቆጣ፣ «ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ከውጭ ያቆመኝ ማን ነበር?» አለችኝ።